ከእንጨት ወይስ ከብረት? የጓሯችን ወርክሾፕ የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1

ቦታው አዳማ፣ የቤታችን ጓሮ ነው። ስፋቱ 6 በ9 ሜትር። ከርዝመቱ 6 ሜትሩ የእኔ የእንጨት ሥራ፣ ቀሪው 3 ሜትር የወንድሜ የባጃጅ ጥገና ይሆናል። እስካሁን ሁለታችንም ተከራይተን ነው የምንሠራው። ማሽን ለመትከል እንኳ አከራይ ማስፈቀድ ሰልችቶናል።

ጥያቄው አንድ ነው፦ ቋሚውና ጣሪያው ባሕር ዛፍ ይሁን ወይስ ብረት?

እኔ አናጺ ነኝ፤ ልቤ ወደ እንጨት ያደላል። መጋዙም፣ መላጊያውም፣ መሮውም እጄ ላይ ነው። ለብረት የብየዳ ማሽን መከራየት፣ ግራይንደር መግዛት፣ በያጅ መቅጠር አለብኝ። ወንድሜ ደግሞ ከብረት ሌላ መስማት አይፈልግም።

ሁለቱንም ዋጋ አስወጣሁ። ቆርቆሮውና መሠረቱ በሁለቱም በኩል ስለሚቀራረብ አልቆጠርኩትም። አጽሙ ብቻ፦ በባሕር ዛፍና በሞራሌ (በአራት ማዕዘን የተሰነጠቀ እንጨት) 41,000 ብር፣ በቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) 98,000 ብር። ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ነው። በዚያን ቀን ማታ እንጨት ነው ብዬ ተኛሁ።

ሳምንት 2

ሐሳቤን ያስቀየሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ መሬቱና ነፋሱ።

ሙያውን ያስተማሩኝ አባባ ቦታውን ሊያዩ መጡ። ምንም ሳይናገሩ ወደ አጥሩ ሄዱና በዶማ ጫፍ የአንዱን አጠና ሥር ቀስ አድርገው ጫር ጫር አደረጉት። ከላይ ደረቅና ጠንካራ የሚመስል እንጨት ነው። ከመሬት አንድ ስንዝር ወረድ ሲል ግን ውስጡ ባዶ ነበር፤ ቅርፊቱ ብቻ ቀርቷል። «ስድስት ዓመቱ ነው፤ አንተው ነህ የተከልከው። ያኔም የተቃጠለ ዘይት ቀብተኸው ነበር፤ አይደለም ልጄ?» አሉኝ። ቀብቼው ነበር።

የተቃጠለ ዘይት ነገር እንዲህ ነው። እንጨቱ ውስጥ ጠልቆ አይገባም፤ ላዩ ላይ ነው የሚቀረው። ባሕር ዛፉ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ምስጥ በስንጥቁ ይገባል፤ አለዚያም ከመሬት እስከ እንጨቱ የጭቃ መሿለኪያ ሠርቶ የተቀባውን አልፎ ይወጣል። ደጋ ቢሆን ያን ያህል አልጨነቅም ነበር። እዚህ ሞቃት ነው፤ ምስጡ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። ጥድ ቢሆን ውስጡ ምስጥን ይቋቋማል፤ ግን ጥድ ከደን የሚቆረጥ ዛፍ አይደለም፣ መጠበቅ ያለበት ነው። አልፈልገውም።

ነፋሱን ደግሞ የአዳማ ሰው ያውቀዋል። የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ እዚህ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። ነፋስ በሰከንድ 25 ሜትር ሲነፍስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚፈጥረው ግፊት ወደ 38 ኪሎ ክብደት ይጠጋል። ጣሪያዬ ከነክፈፉ 70 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ነፋሱ ያን ያህል ወደ ላይ ቢስበው ወደ 2,660 ኪሎ የሚጠጋ ኃይል ይሆናል። 0.4 ሚሊ ቆርቆሮ ግን በካሬ 4 ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ ጠቅላላው 280 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ ጣሪያው እንዳይወድቅ ከመሥራት ይበልጥ እንዳይበር መያዝ ነው ትልቁ ሥራ። ይዞ የሚያስቀረው ደግሞ መሠረቱ ነው። ከቆርቆሮው እስከ አርማታው ድረስ አንድም የላላ ማያያዣ መኖር የለበትም።

በሚስማር የተመታ እንጨት እዚህ ላይ ይደክማል። እንጨቱ እርጥብ እያለ ይመታል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሚስማሩ ይላላል። በጠፍጣፋ ብረትና በቡሎን ማሰር ይቻላል፤ ብዙ ጥሩ ቤት እንዲያ ተሠርቷል። ግን ያን ሁሉ ብረት ስጨምርበት 41,000 የነበረው 60,000 አለፈ። ምስጡ ደግሞ እንዳለ ነው።

ሌላም አለ። በአንድ ጣሪያ ሥር የእኔ ሰጋቱራ አለ፣ የወንድሜ የብየዳ ፍንጣሪም አለ።

እንዲህ ወሰንን፦ መሬት የሚነካውና ነፋስ የሚይዘው ብረት ይሁን። እጅ የሚነካው፣ ማለትም የግድግዳው ውስጥ፣ መደርደሪያው፣ የሥራ ጠረጴዛው፣ የእኔ በር፣ እንጨት ይሁን። አባባ እንጨት ይላሉ ብዬ ስጠብቅ «ደግ ነው» ብለው ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ።

ሳምንት 3፦ ብረት ግዢ

መጀመሪያ ቋሚውን 3.20 ሜትር አድርጌ ነበር የሳልኩት። ቱቦላሬ የሚሸጠው በ6 ሜትር ነው፤ አንዱ ሙሉ ርዝመት በርጋ ይባላል። በ3.20 ከሄድኩ ከአንዱ በርጋ አንድ ቋሚ ብቻ ይወጣና 2.80 ይተርፋል። ለ8 ቋሚ 8 በርጋ መግዛት ነው። ወደ 3 ሜትር ባወርደው 4 በርጋ ይበቃል። 20 ሴንቲ ከፍታ ሰጥቼ ግማሹን ወጪ አዳንኩ። ያጣሁትን ከፍታ ቋሚውን አነስ ባለ የአርማታ ራስ ላይ በማቆም በከፊል መልሼዋለሁ።

የጣሪያውን ትራስ (ቆርቆሮውን የሚሸከመውን ባለ ሦስት ማዕዘን አጽም) በዚሁ ሐሳብ እንደገና ሳልኩት። ተዳፋቱ 15 ዲግሪ ሲሆን ታችኛው አግዳሚ ልክ አንድ በርጋ ይወስዳል። ሁለቱ የላይኛው ተዳፋቶች ከነክፈፋቸው እያንዳንዳቸው 3.62 ሜትር ይሆናሉ። የሚተርፈው 2.38፣ 2.38 ነው። መሐሉ ላይ የሚቆሙትና የሚያጋድሉት አጫጭሮቹ ሲደመሩ 4.70 ሜትር ሆኑ። የተረፈው 4.76 ነው። በትራስ 3 በርጋ፣ ብክነት 6 ሴንቲ። ይህን ሳገኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ዝርዝሩ፦ ለቋሚ 80 በ80 በ3 ሚሊ 4 በርጋ፣ ለትራስ 60 በ40 በ2 ሚሊ 12 በርጋና 2 መጠባበቂያ፣ ለፐርሊን (ቆርቆሮው ለሚታሰርበት አግዳሚ) 40 በ40 በ1.5 ሚሊ 17 በርጋ። ሌላው ፕሌት፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ።

የመጀመሪያው ሱቅ ለ60 በ40ው ከሁሉም ያነሰ ዋጋ ሰጠኝ። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይዤ ነበር። «2 ሚሊ» የተባለው 1.6 ለካ። ሻጩ ካሊፐሬን አላመነም፤ ሚዛን ላይ አወጣነው። 2 ሚሊ ሙሉ ቢሆን አንድ በርጋ 18 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ያኛው 14 ኪሎ ተኩል ሆነ። ርካሽ የመሰለኝ በኪሎ ሲታሰብ ከሌላው ሱቅ ውድ ነበር። ብረት የምትገዙ ሰዎች፣ እባካችሁ ካሊፐር ያዙ፤ ከሌለም አስመዝኑ። ይህ የሳንቲም ነገር ብቻ አይደለም። ያ ብረት ሰው ራስ ላይ ነው የሚቆመው።

ሳምንት 4 እና 5፦ መሠረት

ስምንት ጉድጓድ፣ እያንዳንዱ 60 በ60 በ60 ሴንቲ። አርማታ ሲሞላ አንዱ ወደ 520 ኪሎ ይመዝናል። ስምንቱ ከ4 ቶን በላይ ነው። ነፋሱ የሚስበውን 2,660 ኪሎ ያሰብኩት ለዚህ ነበር።

ቋሚውን ከአርማታው ጋር የሚያስሩት አንከር ቡሎኖች በ16 ሚሊ፣ በአንድ መሠረት አራት። እዚህ ላይ ተሳሳትኩ። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ጉድጓዶች ቡሎኖቹን ከፌሮው ጋር በሽቦ ብቻ አስሬ አርማታ አስሞላሁ። ሠራተኞቹ አርማታውን ሲጠቀጥቁት ተንቀሳቅሰዋል። በነጋታው ስለካ ሦስተኛው 2 ሴንቲ ወደ ጎን ሄዷል። አንዱ ቡሎን ደግሞ ጋደል ብሏል።

ለቀሩት አምስት ከኮምፔንሳቶ ቁራጭ ሰሌዳ ሠራሁ፤ አራት ቀዳዳ፣ መሐል ላይ የክር ምልክት። ሰሌዳው በሁለት ሞራሌ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቸንክሮ ቡሎኖቹን ይይዛል። አንዱም አልተንቀሳቀሰም። ለሰሌዳው የወጣው ግማሽ ሰዓት ነው። ለሦስተኛው መሠረት ግን የፕሌቱን ቀዳዳ አሞላልዬ፣ ወፍራም ሮንዴላ አድርጌ፣ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀሁ።

የአርማታው ራስ ከወለሉ 15 ሴንቲ ከፍ ብሏል። ብረት ምስጥ አይበላውም፤ ግን ውሃ የሚተኛበት ቦታ ላይ ከቆመ ከእግሩ ዝጎ ያልቃል። የእንጨቱም የብረቱም ጠላት ያለው እግር ላይ ነው።

ሳምንት 6

የመጀመሪያው ትራስ ተበላሸ።

በያጁ ጎበዝ ልጅ ነው፤ የለመደው ግን ወፍራም በር መበየድ ነው። በ3.2 ኤሌክትሮድና በ110 አምፔር ጀመረ። 2 ሚሊው ቱቦላሬ እንደ ሰም ቀለጠ። ሁለት መገጣጠሚያ ላይ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ወጣ። ወደ 2.5 ኤሌክትሮድ ቀየርን፣ አምፔሩን ወደ 70 አወረድነው። መብሳቱ ቆመ።

ቀጥሎ ሌላ ችግር መጣ። አንዱን ጎን እስከ መጨረሻው በይደን ስንጨርስ ትራሱ ተቆለመመ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥሬ ስለካ መሐሉ 14 ሚሊ ወጥቷል። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ በአንድ ጎን ብቻ ከተበየደ ብረቱን ወደዚያው ይስበዋል። እንጨት ሲደርቅ እንደሚጣመመው ነው፤ ብረቱ ግን በደቂቃ ያደርገዋል።

ሳምንት 7

የተቆለመመውን በግራይንደር አራት ቦታ ቆርጠን አቃናነው። ሦስት የመቁረጫ ዲስክ ጨረሰ።

ከዚያ እኔ ወደማውቀው ተመለስኩ። መሬቱ ላይ የትራሱን ሙሉ ቅርጽ በሞራሌ ሠራሁ፣ በየማዕዘኑ ማቆሚያ ቸነከርኩ። እንጨቱ በብየዳው እንዳይቃጠል ከሥሩ የብረት ቁራጭ አደረግን። እያንዳንዱ ቱቦላሬ በቦታው ይቀመጣል፣ ማዕዘኑ በስኳድራ ይታያል፣ ከዚያ ሁሉም መገጣጠሚያ በነጥብ ብቻ ይያዛል። ሁለት ትራስ እንዲህ ከተያዘ በኋላ ጀርባ ለጀርባ በሞርሳ አጣብቀን፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየዘለልን በየድን። አንዱ ወደ ግራ ሲስብ ሌላው ወደ ቀኝ ይስባል። ሲለቀቁ ልዩነቱ 3 ሚሊ ብቻ ነበር።

በያጁ «ጋሼ፣ ይቺን ማስያዣ አታቃጥሏት፣ ሌላ ቦታ እወስዳታለሁ» አለኝ። ሰጠሁት።

ሳምንት 8

መብራት አራት ቀን ተቆራረጠ። ሲመጣም ኃይሉ አነስተኛ ስለነበር ማሽኑ ኤሌክትሮዱን እያጣበቀ አስቸገረ። መሐል ላይ ፋሲካም ገባ። ያገኘነውን ጊዜ የብየዳውን ስላግ (ላዩ ላይ የሚቀረውን ቅርፊት) በሽቦ ብሩሽ አጽድቶ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) መቀባት ላይ አዋልነው። ሁለት እጅ ቀባን። የቱቦላሬዎቹን ክፍት አፎችም በላሜራ ቁራጭ ዘጋን። ውሃ ገብቶ ከቀረ ብረቱ ከውስጥ ይዝጋል፤ ከውጭ ምንም ሳይታይ።

ሳምንት 9፦ ማቆም

ብረት ያስደሰተኝ ሳምንት። አንድ ቋሚ 21 ኪሎ፣ አንድ ትራስ 54 ኪሎ ነው። ስምንቱን ቋሚ በግማሽ ቀን አቆምን። ውሃ ልክ በሁለት ጎን፣ ዳዶ ማጥበቅ፣ አለቀ። ትራሶቹን አራት ሰዎች በመወጣጫ አወጣን። በባሕር ዛፍ ቢሆን እዚያው ላይ እየለካሁ፣ እየጠረብኩ፣ እየቸነከርኩ ሳምንት እቆይ ነበር።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። አራቱ ትራሶች ቆመው በነጋታው ነፋስ ሲመጣ አጽሙ በሙሉ በርዝመቱ አቅጣጫ ሲወዛወዝ አየሁ። ጎኖቹ ላይ ሰያፍ ማሰሪያ አልነበረም። ሥራ አስቁሜ በያንዳንዱ ረጅም ጎን በ12 ሚሊ ፌሮ መስቀልኛ አሰርን። ከዚያ በኋላ ስገፋው እንደ ግንብ ነው። ማሰሪያው ከቆርቆሮው በፊት መግባት አለበት፤ ቆርቆሮ ከለበሰ በኋላ ነፋሱ የሚይዘው ሰፊ ነገር ያገኛል።

ሳምንት 10፦ ክዳን

ነጣ ያለ የኢጋ ቆርቆሮ መረጥን፤ ሙቀት ይመልሳል። የያዝነው ባለጎማ ራሱን በሚበሳ ቡሎን ነው። ወንድሜ የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ አጥብቆ አጥብቆ ጎማው ተጨምቆ ወጣ። በልግ ዝናብ አንድ ምሽት ጣል ሲያደርግ ሰባቱ አፈሰሱ። ጎማው ሮንዴላውን ሞልቶ ጠርዙ ላይ ልክ ሲታይ ማቆም ነው፤ ከዚያ አይታለፍም።

ቆርቆሮውን በግራይንደር አትቁረጡ። ዲስኩ ቀለሙንና ዚንኩን ያቃጥላል፣ ጠርዙም በወራት ይዝጋል። የቆርቆሮ መቀስ ይበቃል። ከመሰርሰሪያው የሚወጣውን ብናኝ ደግሞ በየማታው ጥረጉ። ሁለት ቀን የተውነው ቦታ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጥቷል።

ሳምንት 11 እና 12፦ እንጨቱ

ግድግዳው እስከ 1 ሜትር ብሎኬት ነው። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ አካባቢ የሚነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ እዚህም ድረስ ይሰማን ስለነበር ብሎኬቱን ከላይ በቀጭን አርማታ ቀበቶ አሰርኩት። ከዚያ በላይ ሞራሌ 5 በ7 አግድም፣ ከውጭ ቆርቆሮ። ሞራሌዎቹን ከቋሚዎቹ ጋር በአንግል ቁራጭና በቡሎን ነው ያያዝኳቸው። ወርክሾፕ ውስጥ እንጨት ግድግዳ የሌለው አናጺ መዶሻ የሚሰቅልበት ሚስማር እንኳ መምቻ ያጣል። እዚህ የትም ቦታ መምታት እችላለሁ።

ሞራሌውን ከጅምሩ ገዝቼ ነበር፤ እርጥብ ነበር። ከፋፍዬ፣ መሐሉ አየር እንዲያልፍ ቁራጭ እንጨት አድርጌ፣ ጥላ ውስጥ ደርድሬ ነበር። አንዱን ቁራጭ በየሁለት ቀኑ እመዝን ነበር። ከ2.9 ኪሎ ጀምሮ በሃያ ሁለተኛው ቀን 2.1 ላይ ቆመ። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። ከ40ው 11ዱ ተጣመሙ፤ እነሱን ለአጫጭር ሥራ አዋልኳቸው። ሳይደርቅ ቢገጠም ኖሮ ቆርቆሮውንም ይዞ ይጣመም ነበር።

በሁለቱ ክፍሎች መሐል ብሎኬቱ እስከ 2.50 ድረስ ወጥቷል፣ ከላይ በላሜራ ተዘግቷል። በወንድሜ በኩል ብየዳ ካለ የእኔ መስኮት ይዘጋል። የአሸዋ ባልዲና 6 ኪሎ እሳት ማጥፊያ በሩ አጠገብ ተሰቅሏል።

አንድ ክፉ ምሽት አሳለፍን። ወንድሜ ለበሩ ማጠፊያ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ አግኝቶ በየደው። ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም ዚንክ የተለበጠ ነው። ነጭ ጭስ ወጣ፤ ክፍሉ ተዘግቶ ነበር። ማታ እንደ ወባ ተንቀጠቀጠ፣ ትኩሳት ያዘው። የዚንኩ ጭስ ነው። በያጆች ሁሉ ወተት ጠጣ አሉት። ወተት ግን የሚሄደው ሆድ ውስጥ ነው፤ ጭሱ የገባው ሳንባ ውስጥ። በነጋታው ለቀቀው፣ ተመስገን። ከእንግዲህ ዚንኩ በግራይንደር ሳይገፈፍ፣ ከቤት ውጭ ሳይወጣ አይበየድም።

ሳምንት 13

ሙቀቱ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ውጭ 31 ዲግሪ ሲሆን ውስጥ፣ የጠረጴዛዬ ቦታ ላይ፣ 39 ሆነ። የቆርቆሮ ጣሪያ ትልቁ ችግር ይኸው ነው። ከኮልሞው (ከጣሪያው አናት መክደኛ) ሥር 8 ሴንቲ ክፍተት ከፈትን፣ በሁለቱ ጫፍ ግንባሮች ላይ ወንፊት ሽቦ ገጠምን። 35 ወረደ። አልበቃኝም። ከፐርሊኑ ሥር የሸምበቆ ምንጣፍ በሞራሌ መወጠር ጀምሬያለሁ፤ በእኔ በኩል ብቻ፣ በብየዳው በኩል አይሆንም። የተወጠረበት ጥግ 32 ነው። ዝናብ ሲዘንብም ድምፁ ይቀንሳል።

ሳምንት 14

የአጽሙ ወጪ ተደመረ። ያሰብኩት 98,000 ነበር። የወጣው 127,400 ነው። ጭማሪው፦ የተበላሸው ትራስ፣ ዲስክና ኤሌክትሮድ፣ የብየዳ ማሽን ኪራይ መብራት በጠፋባቸው ቀናትም ጭምር፣ የመስቀልኛው ፌሮ፣ ቀለም። ቆርቆሮ፣ አርማታና ብሎኬት ለብቻቸው ናቸው።

በደጋ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ለእንጨት ሥራ ብቻ ቢሆን በባሕር ዛፍ እሠራው ነበር። እግሩን ከመሬት በአርማታ ከፍ አድርጌ፣ መገጣጠሚያውን በቡሎን አስሬ። ለዚህ ቦታ ግን ገንዘቡ አይቆጨኝም። ባለፈው ረቡዕ ሌሊት ነፋሱ የጎረቤታችንን የአጥር ቆርቆሮ ሁለት ቦታ ሲገነጥል ተነስቼ በባትሪ ቡሎኖቹን አየሁ። አንድም አልላላም።

የቀረው፦ የሸምበቆው ግማሽ፣ የባጃጁ ክፍል የወለል ሊሾ፣ የዝናብ ውሃ መውረጃ። ክረምቱ ሳይገባ መውረጃው መቅደም አለበት፤ ውሃው አሁን የሚወርደው በቀጥታ ሦስተኛው መሠረት ላይ ነው። ሰኞ እጀምራለሁ።